አምስቱ ፊደላትና የሺሺንዳ ቡና

ከቦንጋ ተነስቶ ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ውሽውሽን ያገኛል። የሻይ ተክሉ አናቱ እኩል ተከርክሞ ከመንገዱ ዳር እስከ ኮረብታው ወገብ ተንጣሏል። ውሽውሽን አልፎ ሺሺንዳን ሲቃረብ የአገሩ መልክ ይለወጣል። ዋንዛውና ቀረሮው ከላይ፣ ቡናው ከሥር፣ ኮረሪማው ደግሞ መሬቱን ይዞ ይታያል። ሻዩን ሰው ከሩቅ አገር አምጥቶ በመስመር ተክሎታል። ከጫካው ቡና ብዙው ግን ወፍና ጦጣ የዘሩት ነው፤ የአካባቢው ሰው ጥላውን እያሳሳና ዳዋውን እየመነጠረ አቆይቶታል። ሁለቱ ተክሎች በዘር አይገናኙም። ሁለቱም ግን ካፌይን ይሠራሉ። የሮቡስታ ቡና ሙሉ ዘረ መል በ2014 ተነቦ ከሻይ ጋር ሲነጻጸር፣ ይህን ችሎታ ያገኙት ለየብቻቸው እንደሆነ ታወቀ።

ካፌይን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ሌላም ሥራ አለው። በቡናው ቅጠል፣ በሻዩ ቀንበጥ፣ በለቃሚዋ እጅ፣ በንቧ ክንፍ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ ውርስን የሚያስተላልፈው ንጥረ ነገር፣ ከዚያው ጥሬ ዕቃ ዘመዶች የተሠራ ነው። ይህን ዝምድና ለማየት መንገዱን የጠረጉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ ይህን የከፋ አገር በዓይኑ ያላየው ጀርመናዊው ባዮኬሚስት አልብሬክት ኮሰል ነው። የዲኤንኤን ቅርጽ ያገኙትን ዋትሰንና ክሪክን በስም የሚያውቅ ተማሪ ኮሰልን ሲሰማ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ዋትሰንና ክሪክ ግን የገጣጠሟቸውን ክፍሎች አብዛኞቹን ያገኙት ኮሰል ከሠራው ሥራ ነው። የቡናችንን ሀብትነት በትክክል ለመረዳትም መነሻው እዚያ ስለሆነ፣ የዚህ ምዕራፍ ጉዞ ከሺሺንዳ ወደ ጀርመን ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮሰል ሴፕቴምበር 16 ቀን 1853 በባልቲክ ባሕር አጠገብ ባለችው የሮስቶክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ነጋዴና የፕሩሲያ ቆንስል ነበር። ልጁ አብልጦ የሚወደው የእጽዋት ጥናትን ነበር፤ ነገር ግን በ1872 ስትራስቡርግ ገብቶ ሕክምና ተማረ። እዚያ ያገኘው መምህር ዕድሜ ልኩን የሚሄድበትን መንገድ ወሰነለት። ይህ መምህር ፌሊክስ ሆፕ-ዛይለር ነው፤ የሕያዋንን አካል በኬሚስትሪ መመርመርን ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1869፣ ፍሪድሪሽ ሚሼር የተባለ ወጣት ስዊዘርላንዳዊ በሆፕ-ዛይለር ቤተ ሙከራ አንድ እንግዳ ነገር አግኝቶ ነበር። ከሆስፒታል በሚመጣ የቁስል ፋሻ ላይ ያለውን መግል አጥቦ፣ የነጭ ደም ሕዋሳትን አስኳል ለይቶ፣ ከአስኳሉ ውስጥ ፎስፈረስ የበዛበት ንጥረ ነገር አወጣ። ኑክሊን አለው። ሆፕ-ዛይለር ሙከራውን በራሱ እጅ ደግሞ እስኪያረጋግጥ ድረስ ጽሑፉ እንዲታተም አልፈቀደም፤ የታተመው በ1871 ነው። ሚሼር ያገኘው ግን ገና ያልተፈታ ነገር ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። የመፍታቱ ሥራ የኮሰል ሆነ።

ሥራው ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይጠቅማል፤ ዛሬ ማሽን በሰዓታት የሚሠራውን እሱ በአሲድና በእሳት ነው የሠራው። አስኳል የታጨቀባቸውን ነገሮች እየመረጠ ሰበሰበ፦ እርሾ፣ የበሬ ቆሽት፣ በጥጃ ደረት ውስጥ ያለውን ታይመስ የተባለ እጢ፣ የዝይ ደም። የዝይ ደም ለምን? የሰው ቀይ የደም ሕዋስ አስኳል የለውም፤ የወፍ ግን አለው፤ ደሙም እንደልብ ይገኛል። የሰበሰበውን በቀጠነ አሲድ ይቀቅላል፤ ኑክሊኑ ይፈራርሳል። ፈሳሹን ያጠልላል፤ የብር ጨው ሲጨምርበት የሚፈልጋቸው ክፍሎች ከብሩ ጋር ተያይዘው ይዘቅጣሉ። ዝቃጩን ደጋግሞ ያጥባል፣ ጥርት ያለ ክሪስታል እስኪሆን። ከዚያ ክሪስታሉን አቃጥሎ የወጣውን ጋዝ ይለካል፣ ምን ያህል ካርቦን፣ ምን ያህል ሃይድሮጂን፣ ምን ያህል ናይትሮጂን እንዳለበት ያሰላል።

በ1885 ከበሬ ቆሽት እንዲህ ያለ ክሪስታል አወጣ፤ ስሙን አዴኒን አለው። ስሌቱ አምስት ካርቦን፣ አምስት ሃይድሮጂን፣ አምስት ናይትሮጂን ሆነ፤ ኦክስጅን የሚባል የለበትም። ጓኒን ቀደም ብሎ በ1844 ከወፍ ኩስ ተለይቶ ይታወቅ ነበር፤ ኮሰል የኑክሊን አካል መሆኑን አሳየ። በ1893 እና በ1894 ከአልበርት ኖይማን ጋር ሆኖ ከጥጃ ታይመስ ታይሚንንና ሳይቶሲንን አወጣ። በ1900 ደግሞ በእሱ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው አልቤርቶ አስኮሊ ከእርሾ ዩራሲልን አገኘ። አምስቱ ሞሉ። ዛሬ የውርስ ፊደላት የምንላቸው እነዚህ ናቸው። አራቱ በዲኤንኤ ውስጥ አሉ፤ የዲኤንኤ ዘመድ በሆነው በአር ኤን ኤ ውስጥ ደግሞ የታይሚንን ቦታ ዩራሲል ይይዛል።

ኮሰል የኑክሊንን አካላት በመቁጠር ብቻ አላቆመም፤ ሥራው ምን እንደሆነም ጠየቀ። ሰውነት ሲራብ ስብና ስኳር እንደሚቀንሱ ይታወቃል። ኑክሊን ግን በረሃብ ጊዜ እንደ ስንቅ ተበልቶ አያልቅም፤ ይልቁንም ገና በማደግ ላይ ባለ አካል፣ በፅንስ ሥጋ ውስጥ፣ በዝቶ ይገኛል። ስለዚህ ሥራው አዲስ ሕብረ ሕዋስ ከመፈጠሩ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። በዚያ ዘመን፣ በእጁ ባለው መሣሪያ፣ ከዚህ በላይ ወደ እውነቱ መጠጋት የሚቻል አይመስለኝም።

እነዚህ ፊደላት ከስኒያችን ጋር የሚገናኙበትን መንገድም ኮሰል ራሱ ነክቶታል። በ1888 ከሻይ ቅጠል ቴኦፊሊንን ለየ፤ ይህ በኋላ ለአስም ሕሙማን ለብዙ ዓመታት መድኃኒት ሆኖ ያገለገለው ነው። ካፌይን ከዚያ በፊት ይታወቅ ነበር፤ ፍሪድሊብ ሩንገ የተባለ ወጣት ኬሚስት በ1819፣ ታዋቂው ጸሐፊ ጎተ የቡና ፍሬ ከሰጠው በኋላ፣ ከፍሬው ለይቶት ነበር። አዴኒን፣ ጓኒን፣ ካፌይንና ቴኦፊሊን በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ቤተሰብ መሆናቸውን ግልጽ አድርጎ ያሳየው ኤሚል ፊሸር ነው፤ ቤተሰቡን ፒዩሪን ብሎ ሰየመው፣ በ1902ም ለዚህና ለስኳር ጥናቱ ኖቤል ተሸለመ። የፒዩሪን መሠረት ሁለት የተጣበቁ ቀለበቶች ናቸው። በቀለበቶቹ ዙሪያ በሚንጠለጠለው ነገር ይለያያሉ፤ ቴኦፊሊን ሜታይል የሚባሉ ሁለት ጉብታዎች፣ ካፌይን ሦስት አሉት።

የቡና ተክል ካፌይን የሚሠራው በለጋ ቅጠሉና ባልበሰለ ፍሬው ውስጥ ነው። የሚነሳውም አዴኒንንና ጓኒንን ከያዙ ውህዶች ነው። እነዚያን ለውጦ ዛንቶሲን ወደሚባል ነገር ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ አንድ ሜታይል ይጨምራል፣ ሁለተኛውን ሲጨምር ቴኦብሮሚን ይሆናል፣ ሦስተኛው ሲገባ ካፌይን። ሜታይሉን አምጥቶ የሚያቀብለው ውህድም ራሱ አዴኒን ተሸክሟል። ይህ ቅርበት በእኛም አካል ውስጥ ይሠራል። ነቅተን በቆየን ቁጥር በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን ይጠራቀማል፤ አዴኖሲን አዴኒን ከስኳር ጋር ሲጣመር የሚገኝ ነው። የነርቭ ሕዋስ ላይ የራሱ መቀመጫ አለው፤ እዚያ ሲያርፍ ድካምና እንቅልፍ ይጫነናል። ካፌይን መልኩ ስለሚመሳሰል መቀመጫውን ይይዝበታል፤ የእንቅልፉ መልእክት ይዘገያል። ሦስተኛውን ስኒ የጠጣ ሰው ሌሊቱን የሚያፈጠው ቡናውና እሱ በአንድ ፊደል ስለተሠሩ ነው። ስለ ሕይወት አንድነት ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ ይህን ያህል የሚደንቀኝ ጥቂት ነው።

ኮሰል በ1895 ማርቡርግ፣ በ1901 ሃይደልበርግ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1910 የሕክምና ኖቤል ሲሰጠው የሽልማቱ መግለጫ ያስቀደመው በፕሮቲን ላይ የሠራውን ሥራ ነው፤ የአስኳሉ ንጥረ ነገር በዚያ ውስጥ ተጠቃሎ ነው የተጠቀሰው። ስህተት አልነበረም፤ የዘመኑ ሚዛን እንደዚያ ነበር። ፕሮቲን ብዙ ዓይነት አሚኖ አሲድ ስላለበት፣ ውርስን የሚያህል የተወሳሰበ ነገር የሚሸከመው እሱ እንጂ አራት ክፍል ብቻ ያለው የኑክሊኑ አሲድ፣ ኑክሊክ አሲድ፣ ሊሆን አይችልም ተባለ። ራሱ ኮሰልም በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቱ ያተኮረው በፕሮቲን ላይ ነበር። ከእሱ ዘንድ የተማረው ፊበስ ለቪን ደግሞ አራቱ ፊደላት በእኩል ቁጥር፣ በማይለወጥ ተራ የሚደጋገሙ ናቸው የሚለውን ሐሳብ አስፋፋ፤ የማይለወጥ ተራ ምንም ሊናገር አይችልም። የፊደል ገበታ እንጂ መጽሐፍ ያልታየበት ዘመን ነበር።

ኮሰል ጁላይ 5 ቀን 1927 ሃይደልበርግ ውስጥ አረፈ። ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ ኦስዋልድ አቨሪና ባልደረቦቹ በባክቴሪያ ላይ በሠሩት ሙከራ ውርስን የሚያሻግረው ዲኤንኤ መሆኑን አሳዩ። ኤርዊን ቻርጋፍ የአዴኒን መጠን ከታይሚን፣ የጓኒን ከሳይቶሲን ጋር እኩል መሆኑን ለካ፤ ድርሻቸው ግን ከፍጡር ፍጡር እንደሚለያይ አገኘ፤ የለቪን ተራ ፈረሰ። በ1953 የሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ምስል ያገዘው የዋትሰንና የክሪክ ቅርጽ መጣ። ኮሰል በ1884 ከዝይ ደም ለይቶት የነበረው ሂስቶን የተባለ ፕሮቲንም ዲኤንኤው የሚጠመጠምበት ማጠንጠኛ ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹን ፊደላትም ማጠንጠኛውንም ያወጣው አንድ ሰው ነበር።

እንግዲህ ፊደሉ በእርሾም፣ በዝይም፣ በጥጃም፣ በሰውም አንድ ከሆነ ልዩነቱ ያለው በአደራደሩ ነው። በሺሺንዳ ጫካ ያለው የዓረቢካ ቡና ወደ 1.2 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላት አሉት። ሌሎቹ የቡና ዘመዶች 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው እሱ 44 አለው፤ ምክንያቱም ሮቡስታና ዩጂኒዮይድስ የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የሁለቱንም ሙሉ ውርስ ይዞ የቀረ ልጅ ነው። በ2024 የታተመ ጥናት ይህ መዳቀል የሆነው ከዛሬ 610,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ገምቷል። ዓረቢካ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ የሚያፈራ ስለሆነ አዲስ አደራደር ቶሎ አይገባበትም። በዚያ ላይ ከኢትዮጵያ ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን የሞላው ቡና የጥቂት ዛፎች ዘር ነው። የብራዚል፣ የኮሎምቢያና የጓቴማላ ማሳዎች ስፋታቸው ሌላ፣ በውስጣቸው ያለው የውርስ ልዩነት ሌላ። ልዩነቱ በብዛት የቀረው እዚሁ፣ በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንች፣ በኢሉባቦር ጫካ ነው።

የዚህን ዋጋ አገሪቱ በጭንቅ ነው የተማረችው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ኬንያ ውስጥ ከ1922 ጀምሮ የታወቀ ፈንገስ ነው፤ አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮና አድርቆ ከቅርንጫፉ ላይ ያስቀረዋል። ጅማ አጠገብ መልኮ ላይ በ1967 የተቋቋመው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ፈንገሱን በመድኃኒት ብቻ ከመውጋት ይልቅ፣ በበሽታው መሐል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን ፍለጋ ደቡብ ምዕራብ ወጡ። ፈንገሱ ራሱ የመረጠላቸውን ዛፍ ፍሬ ለቀሙ፣ ችግኙን ደግመው ፈተኑ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ሥራ ልጆች ናቸው፤ 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። እነዚያ ዛፎች ከሌላው የሚለዩት በጥቂት የአደራደር ልዩነት ነው። ልዩነቱ የትኛው የዘረ መል ቦታ ላይ እንዳለ ሳይታወቅ ሥራውን ሠራ።

ከዚህ አገር ወጥቶ ለሌላ አገር ሀብት የሆነው ዘር ታሪክ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አያስደስትም። በ1930ዎቹ ከጌሻ አካባቢ የተለቀመ ቡና በኬንያና በታንዛኒያ በኩል አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ፤ በ2004 ፓናማ ውስጥ በተደረገ ውድድር አሸንፎ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች ተርታ ገባ። ኮሎምቢያ ውስጥም ውሽውሽ በሚል ስም የሚሸጥ ቡና አለ፤ ስሙ የዚህችው የሻይ አገር ነው።

በዚያው በ2004 ሌላ ወሬ መጣ። በብራዚል ካምፒናስ ከተማ ማሪያ በርናዴቴ ሲልቫሮላ፣ ፓውሎ ማዛፌራና ሉዊስ ፋዙዎሊ ከኢትዮጵያ ዘር የበቀሉ 3,000 ያህል የቡና ዛፎችን ካፌይን ለክተው፣ ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች አገኙ። ተራ ዓረቢካ በአንድ ግራም ፍሬ ወደ 12 ሚሊግራም ካፌይን ሲኖረው በእነዚህ ውስጥ ያለው 0.76 ብቻ ነበር። ዘሩ የወጣው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ1964 እና 65 ባሰማራው የቡና አሰባሳቢ ቡድን ነው። በዛፎቹ ውስጥ የሆነው፣ ቀደም ብለን ያየነው የካፌይን አሠራር ሰንሰለት የመጨረሻው ቀለበት ላይ መቋረጡ ነው። ቴኦብሮሚን ድረስ ይሠራል፤ ሦስተኛውን ሜታይል የሚያስገባው ኤንዛይም ግን አልሠራ ስላለ ቴኦብሮሚኑ ይጠራቀማል። ካፌይን ሆን ብሎ ማጥፋት በቤተ ሙከራ ሲሞከር ቆይቶ ነበር፤ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጃፓን ተመራማሪዎች የሮቡስታን ዘረ መል ነክተው ካፌይኑን በ70 በመቶ ቀንሰዋል። የኢትዮጵያ ዘር ማንም ሳይነካው ከዚያ በላይ ሄዶ ተገኘ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዜናው ቁጣ አስነሳ፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር። በ1964 ዘር መለቀም ሕግ መጣስ አልነበረም፤ የዘረ መል ሀብት የአገሮች ነው የሚለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የመጣው በ1992 ነው። ሕጋዊ መሆኑና ፍትሐዊ መሆኑ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በ2006 ኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482ን አወጣች፤ የዘረ መል ሀብት የሚወስድ ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ ከሚገኘው ጥቅምም ዘሩን ያቆየው ማኅበረሰብ እንዲካፈል ይላል።

ሦስቱ ዛፎች በቀላሉ ገበያ አልወጡም። ምርታቸው አነስተኛ ሆነ፤ አበባቸውም ከተራው ቡና ቀድሞ እየተከፈተ ንቦች የሌላ ዛፍ ብናኝ ያመጡበታል፣ ካፌይኑም በልጆቹ ላይ ይመለሳል። ንብና ካፌይን የቆየ ጉዳይ አላቸው። በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በቡና አበባ ማር ውስጥ ያለችው ጥቂት ካፌይን ንቧ የአበባውን ሽታ በማግስቱ እንድታስታውስ ታደርጋለች፤ የማስታወስ ዕድሏ በሦስት እጥፍ ይጨምራል። ማሩ በተመሰገነው በከፋ ጫካ ይህ ውል ምን ያህል ዘመን ሲሠራ እንደኖረ ማሰብ ነው።

ይህን ሁሉ አደራደር በዘር ባንክ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ መተኛት አይቻልም። ጤፍና ገብስ ደርቀው በብርድ ለዓመታት ይቀመጣሉ፤ የቡና ዘር ግን ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ዛፉ ራሱ ቆሞ መጠበቅ አለበት። በጅማ ዞን ጮጬ ላይ ያለው የቡና ዘረ መል ማቆያ መስክ እንደዚያ የተሠራ ነው፤ ስብስቡ ከነሥሩ መሬት ላይ ነው ያለው። ከዚያ የሚሰፋው ደግሞ ጫካው ነው። ዩኔስኮ በ2010 የከፋን የደን ክልል በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል። በ2012 ኢትዮጵያዊው ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ አየሩ እየሞቀ ከሄደ ለዱር ዓረቢካ የሚስማማው ቦታ በ2080 ቢያንስ በ65 በመቶ ሊያንስ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ሞዴሉ የሚቆጥረው ሙቀትና ዝናብን ነው፤ መጥረቢያን አልጨመረም።

መጥረቢያውን የሚይዘውም የሚተወውም በጫካው ዳር የሚኖረው ሰው ነው። ሺሺንዳ አካባቢ ያለ ገበሬ ቡናው በሚደርስበት ወራት ቀዩን እሸት ብቻ እየመረጠ ይለቅማል፣ ወይ ለማጠቢያ ጣቢያ ያቀርበዋል፣ ወይ በአልጋ ላይ አድርቆ ጀንፈሉን ይሸጣል። ጥላ ዛፉን ጨርሶ ቆርጦ በቆሎ ወይም ባሕር ዛፍ ቢያደርገው ቶሎ ብር ያገኝ ነበር። ይህን ባለማድረጉ በየዛፉ ውስጥ ያለው አደራደር ቆይቷል፤ አንዱ ነገ የሚመጣን በሽታ የሚቋቋም፣ አንዱ ሙቀት የሚችል፣ አንዱ ካፌይን የማይሠራ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ላይ ሲቀርብ ግን የሚከፈለው በኪሎ ነው፤ አዋጁ ቃል የገባለት የዘሩ ድርሻ በእሸቱ ዋጋ ውስጥ የለም።